ሁለተኛው ፎቶና የኮጎ ታፕራንዲች ላሞች

ሥራዬ ወተት መመርመር ነው። በኬንያ ናንዲ ኮረብቶች ባለው የኅብረት ሥራ ማኅበራችን የማቀዝቀዣ ጣቢያ፣ ገበሬው ያመጣውን ወተት እያሸተትኩና በመሣሪያ እየለካሁ፣ ይህ ይግባ፣ ይህ ይመለስ ስል ጸጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ከመናገሩ በፊት አይቶ መረዳትን ያስለምዳል። በዚያ ሰኞ ረፋድ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ኮጎ፣ ማለትም አያቴ፣ የሚላቸው ታፕራንዲች ከጎረቤታቸው ከኪፕሩጉት ግቢ ሲወጡ ሳያቸው፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው የገባኝም ለዚህ ነው።

የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ጎረቤት ቤት ባዶ እጃቸውን ሄደው የማያውቁት ሴት በእጃቸው ምንም አልያዙም። ከኋላቸው ኪፕሩጉት ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል። በእኛ ዘንድ ከብት ያለው ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያጉርም፤ ጥቂቱን ወዳጅ ቤት በሪቢ፣ ማለትም በአደራ፣ ያሳድራል። የትኛዋ ላም ማን ዘንድ እንዳለች የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አምረው ለብሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ላሞቻቸው ሲናዘዙ ከታዩ፣ ሞታቸው እንደቀረበ አምነዋል ማለት ነው።

ዝናቡ ድንገት ወረደብንና ሁለታችንም መንገድ ዳር ወዳለው የወተት መሰብሰቢያ ዳስ ገባን። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ቼሙታይ ናት፤ የኮጎ ወንድም የልጅ ልጅ፣ ኤልዶሬት ነርስነት የምትማር፣ ለዕረፍት ወደ አገሯ የመጣች።

"ቻምጌ፣ ኮጎ!" ብላ ሰላምታ ሰጠች ውሃውን ከፊቷ እየጠረገች። ቀሚሱን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። "ማን ሞተ?"

"እስካሁን ማንም" አሉ ኮጎ።

"እስካሁን ሲሉ?"

"ቼሌልን ለኪፕሩጉት ትቼለት መጣሁ። ነገ ደግሞ እህቴ ዘንድ ሄጄ ስለ ጊደሮቹ እናገራለሁ።"

ቼሌል ኪፕሩጉት ዘንድ በአደራ ያለችው ነጯ ላማቸው ናት፤ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት።

"ኪፕሩጉት ምን አለ?"

"አለቀሰ።"

"በሁለቱም ዐይኑ?"

ኮጎ ጥቂት አሰቡ። "በአንዱ። በሌላው ላሟን ያይ ነበር።"

ሦስታችንም ሳቅን፤ የኮጎ ሳቅ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ነገሩን ያወጡት ቀስ በቀስ ነው። ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር አባላት ተጠራርተው ከተማ ወርደው የጡት ራጅ ተነሥተው ነበር። ምንም የሚያማት ሴት አልነበረችም፤ እንዲሁ በየጊዜው ሊደረግ የሚገባው ምርመራ ነው። ኮጎም የሄዱት "ታፕራንዲች ፈራች" እንዳይባሉ ነው። ሐሙስ ዕለት ከክሊኒኩ ስልክ ተደወለ፦ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ስለሚያስፈልግ ማክሰኞ ጠዋት ይምጡ የሚል።

"ከዚያ ሁሉ ሴት የተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ" አሉ። "ለምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ይገባዋል። ከሐሙስ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ጋደም ስል ልቤ ይደልቃል፤ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሄጄ በአፋቸው ከነገሩኝማ እዚያው እደርቃለሁ። አልሄድም።"

ማክሰኞ ማለት ነገ ነበር።

ቼሙታይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከኮጎ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "ኮጎ፣ ልከራከርዎት ይፈቀድልኛል?"

"ዝናቡ እስኪያባራ ሌላ ምን ሥራ አለን? ተከራከሪ።"

"ነርሷ በስልክ 'ካንሰር' አለችዎት?"

"ስሙን አትጥሪ! ወተት የሚቀመጥበት ቦታ ነው!"

"እሺ፣ ይቅርታ። ያ ነገር አለብዎት አለች?"

"አላለችም። ድምፅዋ ግን በጣም ለስላሳ ነበር። ለደህና ሰው ማን እንዲያ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል?"

"ለእኛም ያስተምሩናል እኮ፤ ለሁሉም በለስላሳ ድምፅ ተናገሩ ይሉናል። ታዲያ ምን አለችዎት?"

"ፎቶው አንድ ቦታ ላይ አልጠራም አለች።"

"አልጠራም ማለት አልጠራም ማለት ነው። ጡት በማሽኑ ሲጫን አንዳንዴ ሥጋው ይደራረብና ጥላ ይጥላል። ሐኪሙ ደግሞ ያልለየውን ነገር ደህና ነው ብሎ ማለፍ አይችልም። እንደርስዎ ለሁለተኛ ፎቶ ከሚጠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ሳይገኝባቸው ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት።"

"አብዛኞቹ። ሁሉም አላልሽም።"

"ሁሉም ብል እዋሻለሁ።"

ኮጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ልጅቷ አዞሩ። ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ቼሙታይ "አይዞዎት፣ ምንም የለም" ብላ ብትምል ኖሮ ክርክሩ እዚያው ባበቃ ነበር። የፈራ ሰው የሐሰት ማጽናኛን ከሩቅ ይለያል።

"እንግዲያው እኔም ልጠይቅሽ" አሉ ኮጎ። "ከዚህ ሰፈር ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሄዶ ማን ተመለሰ? ሳሊና በሣጥን መጣች። የኪማዮም ሚስት በሣጥን መጣች። ሁለቱንም ቀብሬያለሁ።"

"ሳሊና ስትሄድ እንዴት ሆና ነበር?"

ኮጎ በቀስታ፣ "ቁስሉ ልብሷን ካበላሸ በኋላ ነው የሄደችው። እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ደብቃ ነበር" አሉ።

"ታዲያ የጎዳት መሄዷ ነው ወይስ መቆየቷ?"

"አንቺ ልጅ፣ ነርስነት ነው ጠበቃነት የምትማሪው?"

እዚህ ላይ እኔም መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። "ኮጎ፣ ወተት ከሚያቀርቡልን ሴቶች መካከል አንዷ በዚሁ ምርመራ ተገኝቶባት፣ በጊዜ ታክማ ድናለች። ይኸው ዓመታት አልፈዋታል።"

"ማን ናት?"

"ራሷ ነግራኛለች። ስሟን ግን አልናገርም።"

"ሮዳ ናት።"

"አልናገርም።"

"ግሬስ? አይ፣ እሷስ ጉንፋን ሲይዛት ለወረዳው ታሳውቃለች። ይህን ልትደብቅ አትችልም።"

"ኮጎ፣ ማንም ትሁን። ያን ሰሞን የት ሄደሽ ነበር ስትባል፣ ልጄን ልጠይቅ ብላ ነው የመለሰችው።"

እውነቱም ይህ ነው። የሞተውን ሰው አገር ተሰብስቦ ስለሚቀብረው ሁሉም ያውቀዋል፤ የዳነው ግን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር ብሎ ይደበቃል። በእኔ ሥራ የተመለሰውን ወተት ብቻ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ በዚህ አገር ደህና ላም የለም ብሎ ይደመድማል። ይህንኑ ለኮጎ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ቼሙታይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሌላ ነገር ያነሣች መሰለች። "ዛሬ ጠዋት አለቡ፣ ኮጎ?"

"ሳላልብ የቀረሁበት ቀን አለ?"

"ጥቁሯን ኩባያስ ተጠቀሙባት?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!" ተቆጡ። የሚያስቆጣም ነበር። ከማለባችን በፊት ከየጡቱ መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት ውስጧ ጥቁር በሆነ ኩባያ እናያለን፤ የላሟ ግት መታመም ከጀመረ ሳያብጥ ገና ወተቱ ውስጥ የረጋ ቁራጭ ይታያል። በዚህ ነገር እንደ ኮጎ ጥብቅ ሰው በማኅበራችን የለም። የገዛ ልጃቸው ኩባያዋን ረስቶ ያለበውን ወተት እዚያው ሜዳ ላይ ደፍተውበታል።

"የሚያዩት ላሟ ስትታመም ነው?"

"ሞኝ! ከታመመችማ ኩባያ ምን ያደርጋል? ግቷ ድንጋይ ይሆናል፣ ማንም ያየዋል። ደህና ስትሆን ነው እንጂ የሚታየው፣ ገና..." ኮጎ ንግግራቸውን አቋረጡ። ልጅቷን አፍጥጠው አይዋት። "እኔ ላም አይደለሁም።"

"አይደሉም። ላሟ ከእርስዎ የተሻለ ጠባቂ አላት።"

ለአፍታ የሚመቷት መሰለኝ። አልመቷትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

"ኩባያዋ ላይ የማያስተማምን ነገር ሲያዩስ?" አለች ቼሙታይ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ኩባያዋን አለቀልቅና እንደገና አልባለሁ። ብዙ ጊዜ ገለባ ነው።"

"እንደገና እስኪያልቡ ድረስስ፣ ላሟ ሞታለች ብለው ለጎረቤት ያድሏታል?"

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ኮጎ ሊቆጡኝ ዞሩና እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

"ቼሙታይ" አሉ፣ "ቢገኝብኝስ?"

"ቢገኝ፣ በእጅ እንኳ የማይዳሰስ ትንሽ ነገር ሳለ ይገኛል። ሳሊና ያላገኘችው ጊዜ እርስዎ ይኖርዎታል። ሕክምናው ቀላል ነው አልልዎትም። ግን በጊዜ ከተጀመረ ብዙዎች ይድናሉ። ባይሄዱ ግን፣ ያ ነገር ካለ አለ፤ አለመሄድዎ አያጠፋውም። ከሌለም ደግሞ በከንቱ ዕድሜ ልክዎን ሲፈሩት ይኖራሉ።"

"ፍርሃቱንስ ምን አደርገዋለሁ? ነገ እኮ ሩቅ ነው።"

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። ኮጎ ለመሄድ ወስነዋል፤ የጎደላቸው ቀኑን የሚያልፉበት መንገድ ነው። ቼሙታይም ይህን ስለተረዳች ክርክሩን ትታ በምክር ቀጠለች። ዛሬ ብቻቸውን እንዳያድሩ፣ እሷም መጥታ እንደምታድር ነገረቻቸው። ማታም ጠዋትም እንደ ልማዳቸው ይለቡ፤ ሥራ የያዘ እጅ ሐሳብን ይሰበስባል። ልባቸው ሲደልቅ ትንፋሻቸውን ረዘም አድርገው ያውጡ፤ የፈሩትንም ነገር በሆዳቸው አምቀው ከመያዝ ለሷ ይንገሯት። ክሊኒኩ እንደደረሱ ደግሞ መልሱ በምን ሰዓት እንደሚሰጥ ይጠይቁ፤ ሰዓቱ ያልታወቀ ጥበቃ ሰውን ይጨርሳል። የፈራ ሰው ከሚነገረው ግማሹን አይሰማምና ሐኪሙ ጋ አብራቸው የምትገባውና የምትሰማላቸው እሷ ናት።

"ፍርሃትዎ ይጥፋ አላልኩም" ብላ ጨረሰች። "እየፈሩ ይሂዱ ነው ያልኩት።"

ዝናቡ ቀጥኖ ነበር። ኮጎ ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። "ወደ ከተማ የሚወርደው የጠዋቱ ማታቱ ታክሲ የሚነሣው ከማለባችን በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ ነው" አልኩ። "እኔም እመጣለሁ።"

በማግስቱ ሦስታችን የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ኮጎ ነርሷን ገና ስትወጣ ያዟት። "ልጄ፣ መልሱን የምትነግሩኝ ዛሬ ነው? በስንት ሰዓት?" ነርሷም ፈገግ ብላ፣ ፎቶው እንደተነሣ ሐኪሟ በአልትራሳውንድም እንደምታያቸው፣ ከምሳ ሰዓት በፊትም መልሱን ራሷ እንደምትነግራቸው አስረዳቻቸው። ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁ። መልሱ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ የታወቀው የሚመጣበት ሰዓት ብቻ ነው። ይህም ብቻውን ሸክም ሲያቀል በዐይኔ አየሁ።

ከፎቶው በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ኮጎ አንድ ጊዜ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ቼሙታይ አልከለከለቻቸውም፤ ተከትላቸው ሄዳ አብራቸው ቆመች። እዚያ ቆመው ስለ አንዲት ጥጃ እግር ለረጅም ጊዜ ሲያወሩ ቆዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ስማቸው ሲጠራ ተያይዘው ገቡ።

ሲወጡ ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ኮጎ እኔ ፊት ቆመው ለቼሙታይ፣ "አንቺ ንገሪያት፣ እኔ ሌላ ሰምቼ እንዳይሆን" አሉ።

"ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ነው" አለች ቼሙታይ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ለካ እሷም ፈርታ ነበር። "ጉዳት የለውም፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። በመደበኛው ጊዜ እንደ ማንኛዋም ሴት ይመለሱ ተብለዋል።"

"እንደገና በይ" አሉ ኮጎ። እንደገና አለች። ኮጎ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "ርቦኛል" አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት የኪሚየት ገንፎና የተጠበሰ ሥጋ አዘዝን። ኮጎ በሁለት እጃቸው ነው የበሉት ማለት ይቻላል። መሃል ላይ ቆም ብለው፣ "ከሐሙስ ጀምሮ ስገድል የሰነበትኩት ራሴን ነው" አሉ። "ነርሷ ፎቶው አልጠራም አለችኝ፤ እኔ ተቀብሬ አደርኩ። ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ጠርቼ፣ ፈራሁ ብዬ ብናገር ኖሮ ይህን ሁሉ እንቅልፍ አላጣም ነበር።"

እኔም ያየሁትን ልናገር። ኮጎ የተረፉት መልሱ ደህና ስለሆነ ብቻ አይደለም። መልሱ ሌላ ቢሆንም ኖሮ፣ የሚያውቁት ነገር፣ የሚጀመር ሕክምናና አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ይኖራቸው ነበር። ምርመራ በሽታ አያመጣም፤ ያለውን ቀድሞ ያሳያል፣ የሌለውንም ከልብ ያወርዳል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ በአእምሮዋ ይዛ የምትሄድ ሴት፣ ምንም ሳታውቅ ከምትፈራዋ ሴት ይልቅ ቀልሏት ትኖራለች።

"ቼሙታይ" አሉ ኮጎ አጥንቱን እያስቀመጡ፣ "እናትሽ ይህን ፎቶ ተነሥታለች?"

ልጅቷ ሳህኗን አየች። "ስነግራት ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። ደግሞም ምንም አያመኝም ነው የምትለው።"

"አያመኝም ትላለች! ደውዪልኝ።"

"አሁን? ኮጎ፣ ገበያ ላይ ናት።"

"ደውዪ አልኩሽ እኮ።"

ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። "አለሽ? ታፕራንዲች ነኝ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ ተይው። የሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት እኔና አንቺ ከተማ እንወርዳለን... አውቃለሁ አያምሽም። ያላመማት ሴት ናት የምትሄደው... ትፈሪያለሽ? እኔም ፈርቼ ነበር፤ አፍሬ አልናገርም መሰለሽ? አብሬሽ እቀመጣለሁ... አይ፣ ብርዱ ምክንያት አይሆንም... ቆይ፣ ቆይ፣ ጨርሺ፣ እሰማሻለሁ።"

ከወዲያ በኩል የክርክሩ ድምፅ እስከ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር፤ በቶሎም የሚያልቅ አይመስልም። ኮጎ ስልኩን ሳይዘጉ፣ በነፃው እጃቸው ለአስተናጋጇ ምልክት ሰጥተው ሌላ ሳህን አስመጡ።