መብራቱን ያጠፉት መምህር

ዛሬ አስከሬናቸውን ከበን የምንሰናበታቸው መምህር፣ ከግንበኛ አባታቸውና ልብስ እየሰፉ ቤት ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው «ለምን?» ማለት ያበዙ ስለነበር እናታቸው «የእኔ ዳኛ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ተከታትለው በፊዚክስ ከተመረቁ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። መስኮት ባገኙ ቁጥር ወደ ሰማይ ስለሚያዩ ተማሪዎቻቸው «አንጋጣጩ» ቢሏቸው፣ «ከማቀርቀር ይሻላል» ብለው ሳቁ።

ለዚህ ዓይናቸው ጓደኛ የሆኗቸው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሁለቱ ተባብረው፣ ሰዎች ሰማይ ላይ አየን የሚሉትን ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል በሳይንስ መንገድ የሚመረምር የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ መምህሩ ነርስ የሆኑትን ባለቤታቸውን ሲያገቡም ሚዜያቸው እኚሁ ሰው ነበሩ። የማኅበሩን ዋና ደንብ ያረቀቁት ግን ሟች ናቸው፤ ምስክሮች አንድ ላይ አይጠየቁም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተቀምጦ ያየውን በገዛ እጁ ይስላል።

ታዲያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሊመሽ ሲል፣ በምግብ አዳራሻቸው መስኮት ከኮረብታው በላይ የሚያበራ ነገር አየን ባሉ ጊዜ፣ ሊቀ መንበሩን ደስታ ደንቡን አስረሳቸውና ምስክሮቹን በሙሉ በመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ሰብስበው ሻይ አቀረቡላቸው። አንዷ «ሦስት ነበሩ» አለች፤ ሻዩ ሳያልቅ ሁሉም ሦስት አየ። አንዱ «ይንቀሳቀሱ ነበር» ቢል ሁሉም ሲንቀሳቀሱ አየ። ወሬው በሬዲዮ ተነገረ። መምህሩ ፋብሪካው ድረስ ሄደው፣ በዚያው ሰዓት ምስክሮቹ በቆሙበት ቆመው የአዳራሹን መብራት ቢያስጠፉ የኮረብታው ብርሃን አብሮ ጠፋ። አዲስ የተሰቀሉ የአዳራሹ መብራቶች በመስኮቱ መስታወት ላይ ያንጸባርቁ ኖሯል፤ እነሱም ሁለት ብቻ ነበሩ።

ይህንን ለማኅበሩ ሲያስረዱ ሊቀ መንበሩ «አንተ ሰው፣ ዕድሜ ልካችንን የጠበቅነው እንግዳ ቢመጣ መብራት ታጠፋበታለህ?» ብለው አባላቱን አሳቋቸው፤ ሳቁ ሲያበቃ በድምፅ ብልጫ አባረሯቸው። ከዚያ ወዲህ የገዛ ሚዜያቸው መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። ሰው የማይጠግቡት መምህር ከቤት መውጣት ጠሉ፤ «እማዬ፣ ምነው ዝም ብል ኖሮ» ያሉባቸው ቀኖችም ነበሩ።

ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኙ ሊቀ መንበሩ ብቅ አሉ። እናታቸው ዕርቅ መጣ ብለው ፈጣሪን እያመሰገኑ ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ሰውየው ግን እንዴት አደርክ እንኳ ሳይሉ «ተሳስቼ ነበር በልና እንደ ድሮው እንሁን» አሏቸው። መምህሩ ጓደኛቸው ናፍቀዋቸው ነበርና እንባቸው ወረደ፤ «አንተስ ፋብሪካው ሄደህ አይተሃል?» ብለው ጠየቋቸው። ሊቀ መንበሩ ተነሥተው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ትናንት ደግሞ ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ «በመጨረሻ ሰዓታቸው ማኅበሩ ትክክል እንደነበር አምነዋል» የሚል ቃል በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ ለመኑ። እናታቸውም «ልጄ በአፉ ያላለውን፣ አፉ ሲዘጋ አላስብለውም» ብለው መለሱላቸው። ስለዚህም አልገባም።

ሟች እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና አንዲት ሴት ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ከወዳጆቻቸው ማን እንደሚጠቀስ እናታቸው ብዙ አስበው፣ ማንንም ሳይጠቅሱ ቀርተዋል። እውነት መናገር ሰው በማያሳጣበት ስፍራ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም ያጽናን።