ከቀለሟ የረከሰች ማሽን

መሪጌታ ሉቃስ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ወደ አማከለች ፎቶ ኮፒ ቤት ሲገቡ፣ አያልነህ ከበሩ ጎን ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። መውጣት ግን አልቻለም። ለነገው የገብርኤል በዓል የሚታደለው መቶ ሃምሳ የምስጋና ጥራዝ በአማከለች ማሽን ላይ ገና አላለቀም፤ ጥሎ ቢሄድ ነገ ምን ይዞ ይቆማል?

አያልነህ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ «ይቺ ሴትዮ ቤተ ክርስቲያናችንን እየመጠመጠች ነው፤ የራሳችን ፕሪንተር ይኑረን» ብሎ የኅትመቱን ሥራ ከአማከለች እጅ ያስወጣው እሱ ነው። ባሕር ዳር ወርዶ የደብሩን ማሽን መርጦ የገዛትም እሱው። ማሽኗ ከሞተች እነሆ ስድስት ወር። ይህን ከእሱና ከአማከለች በቀር የሚያውቅ የለም፤ ጉባኤው የሚያውቀው በየወሩ የሚነበብለትን «ከሱቅ ተገላግለናል» የሚል ሪፖርት ነው። ከበዓሉ ማግስት ደግሞ ምርጫ አለ፤ አስመራጩም እኒሁ መሪጌታ ሉቃስ ናቸው። አያልነህ ጸሐፊነቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው።

አማከለች ከማሽኗ ጎን ሆና ተቀበለቻቸው። «ይግቡ የኔታ፣ ይግቡ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ከአስፋልቱ ጀምሮ በእግርዎ ነው የመጡት? አይ የወረታ ባጃጅ፣ ሽማግሌ ሲያይ መቼ ይቆማል። ይቀመጡ፤ እሱ ጠጋ ይልልዎታል። የመታወቂያዎን ኮፒ ነው? አሁን አደርግልዎታለሁ። ማሽኑ ትንሽ ሥራ ይዟል፤ የአንድ... የአንድ ደንበኛዬ ነው።»

አያልነህ ጠጋ አለ። የመሪጌታ ጋቢ ክንዱን ሲነካው ላብ ላብ አለው።

«ደንበኛ ስልዎት ዝም ብሎ ደንበኛ እንዳይመስልዎ። የተማረ፣ አስተዋይ ሰው ነው። እኔ ሞኟ የሟች ባሌን በሬዎች ሸጬ፣ ይቺን ቀለም በጠርሙስ የሚሞላባትን ባለ ታንክ ማሽን በአርባ ሺህ ብር ገዛሁ። እሱ ግን በዘጠኝ ሺህ አገኘ። እንዲህ ያለ ዓይን ለስንት ሰው ተሰጠ? የኔዋ አንድ ጠርሙስ ቀለም በሺህ ብር ትገዛለች፤ ሦስት ሺህ ገጽ ታትማለች። የሱዋ ቀለም ደግሞ በትንሽ ቀፎ ነው የሚመጣው፤ ካርትሪጅ ይሏታል። ጥቁሯ ብቻ ሦስት ሺህ ብር፤ የምታትመው መቶ ሃምሳ ገጽ። እንግዲህ ሒሳቡን እርስዎ ያውቁታል፤ አንዱ ገጽ ሃያ ብር። እኔ መጥማጯ ወረቀቱን፣ መብራቱን፣ የቤት ኪራዩን ጨምሬ አራት ብር ነበር የምቀበል። ግን ይኼ የሱቅ ሒሳብ ነው... ትልቅ ሰው በዚህ ይለካል እንዴ?

«ቀዩን ደግሞ ይስሙልኝ። እርስዎ ብራና ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነዎት። ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ቀዩን ለብቻው በጥብጠው፣ ለመልአኩ ስም ብቻ ብዕርዎን እየነከሩ... አንድ ቀንድ ቀይ ቀለም ስንት ጊዜ ይቆይዎት ነበር? ይኼም ሰው የቤተ ክህነት ልጅ አይደል፣ እንደዚያው አሰበ። ቀይ የሚሆነው ስሙ ብቻ ነው፤ የቀለሟ ቀፎ ዓመት ትከርማለች አለ። እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሐሳብ ነው። ማሽኗ ግን ቤተ ክህነት አላደገች፤ ቀይ የሚባል ቀለም የላትም። ሮዝና ቢጫ ቀላቅላ ነው የምታወጣው። ሳትሠራ ስትከርም አፏ ይደርቃል፤ አፏን ላጥራ ስትል ደግሞ ቀለሙን ራሷ ትጨርሰዋለች። ከቀለማቱ አንዱ ካለቀም ቀፎዋ እንዳለች ትጣላለች፤ ሌላ ሦስት ሺህ ከአምስት መቶ ብር።

«አምና የታደለውን ጥራዝ አስተውለውታል፣ የኔታ? መጀመሪያው ላይ ገብርኤል ቀይ ነው። መካከሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። መጨረሻው ላይ... ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ነጭ ነው። ሕዝቡ ምስጋናውን እያነበበ ይመጣና ስሙ ጋ ሲደርስ እርስ በርሱ ይተያያል። እኔማ ለትሕትና የተደረገ መስሎኝ ነበር። የመልአኩን ስም በልብ ብቻ የሚያስጠራ ጥራዝ ከዚህ በፊት ማን አስቦ ያውቃል?»

መሪጌታ ሉቃስ ጢማቸውን መዳበስ አቆሙ። አያልነህ የአማከለችን ዓይን ፈለገ፤ እሷ ወረቀት ትደረድራለች። እግሬ አውጪኝ ማለት አማረው፤ ገና ጥቂት ጥራዝ ይቀራል።

«ሌላው ሰው ቢሆን ተሳሳትኩ ብሎ ይገላገል ነበር። ተሳሳትኩ ለማለት ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? እሱ ግን ጨዋ ነው፤ ጉባኤ ማስቸገር አይወድም። ማሽኗ ስትሞት ለማንም ትንፍሽ አላለ። የራሱን ሩዝ እየሸጠ፣ ከኪሱ እየከፈለ፣ መንገዱ ጭር ሲል ጎራ ይላል። ስድስት ወር ሙሉ። ሚስቱ ሩዙን አይጥ የበላው ይመስላታል አሉ። እኔስ ለማን ልናገር? ስሜ አንድ ጊዜ በጉባኤ ተነሥቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ስቆም አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ ሲሉ... ይሁን። እሱ እንኳን አልረሳኝም።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ሰለል አለ። ከተባለው ሁሉ አያልነህን አንጀቱን የበላችው ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት። «እየመጠመጠች ነው» ያለው ጉባኤውን ለማሳመን ነበር፤ ሴትዮዋ በገዛ አጥቢያዋ ብቻዋን እንደምትቆም አላሰበም። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። ምርጫው ትዝ አለውና መልሶ ዋጠው።

ማሽኑ የመጨረሻዋን ገጽ ተፋ። አማከለች ጥራዞቹን አስተካክላ፣ በፌስታል አድርጋ አያልነህ ጭን ላይ አኖረች። ለመሪጌታም ኮፒያቸውን በሁለት እጇ ሰጠች።

«የለም፣ ከእርስዎ ሳንቲም አልቀበልም፤ እኔው ልመርቅ፣ እርስዎ አሜን ይበሉልኝ። ገብርኤል ለዚህ ለጸሐፊያችን ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ከወንበሩም አያንሣው፤ ሌላ ሰው ቢመረጥ እኮ አንድ ቀን እውነቱን ይናገርና የሚሠራ ማሽን ገዝቶ እኔን ከእንጀራዬ ያፈናቅለኛል። እሱን ያኑርልኝ... ለልጆቼ ሲል፣ አፉን እንደያዘ ያስረጅልኝ።»