አርባ አራተኛው ስም

(ደብረ ብርሃን፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህራን ክፍል፣ አርብ ረፋድ፤ መምህር አጥናፉ ሰኞ ማለዳ ለሚጀመረው የሰባት ቀን የትምህርት ጉዞ የተጓዦቹን ስም ዝርዝር ለርዕሰ መምህሩ ሊያስፈርም ሲወጣ፣ ዓይነ ስውሯ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዘቢደር በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ ብላዋለች።)

ዘቢደር፦ ዞር አልልም ቲቸር። መጀመሪያ መቼ እንዳልኩዎት ይንገሩኝ።

መምህር አጥናፉ፦ ምኑን?

ዘቢደር፦ «መሄድ አልፈልግም» ያልኩዎትን። ቀኑን ይንገሩኝ። ማክሰኞ ነው? ረቡዕ ነው? ወይስ ተኝቼ ስቃዥ ሰምተውኝ ነው?

መምህር አጥናፉ፦ ዘቢደር፣ ይህ ወረቀት እስከ ስድስት ሰዓት ካልተፈረመበት አውቶቡሱ አይፈቀድልንም። ዞር በይልኝ፤ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ዘቢደር፦ ሌላ ጊዜ መቼ? አርባ ምንጭ ሲደርሱ ይደውሉልኛል?

መምህር አጥናፉ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፤ መምህራን ክፍል ነው። ደግሞስ ማነው የነገረሽ?

ዘቢደር፦ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ያውም በድምፅ ማጉያ።

መምህር አጥናፉ፦ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነበርሽ እንዴ?

ዘቢደር፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከማህደር አጠገብ። የተጓዦቹን ስም ጠርተው ሲጨርሱ ማህደር «ዘቢደርስ?» ብላ ስትጠይቅዎት ክንዴን ይዛ ነበር። እርስዎም «ዘቢደር ራሷ አልፈልግም ብላለች፤ ቤተሰቧም አልፈቀደም» አሉ። ያ ሁሉ ተማሪ ወደ እኔ ሲዞር ተሰማኝ። በዚህ ግቢ የማላየው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እርስዎም አያዩኝም።

መምህር አጥናፉ፦ አላየሁሽም። ብዙ ሰው ነበር።

ዘቢደር፦ ቢያዩኝ ኖሮስ ምን ሊሉ ነበር?

መምህር አጥናፉ፦ ለአንቺው ብዬ ነው! «ዘቢደርን አስቀረኋት» ከምል «ራሷ ተወችው» ብል ይሻላል፣ ክብሯ ይጠበቃል ብዬ ነው።

ዘቢደር፦ ለክብሬ ሲሉ ዋሹ?

መምህር አጥናፉ፦ ዋሹ አትበዪ! አስተማሪሽ ነኝ።

ዘቢደር፦ እሺ፣ ሌላ ቃል ያምጡልኝና እሱን እላለሁ። «ቤተሰቧ አልፈቀደም» ብለዋል። የፈቃድ ቅጹስ የት ሄደ?

መምህር አጥናፉ፦ የቱ ቅጽ?

ዘቢደር፦ በእጅዎ የሰጠሁዎት ነዋ። እናቴ ቅዳሜ ከጫጫ ማዶ በእግሯ መጥታ በአውራ ጣቷ የፈረመችበት። ገበያዋን እንኳን ሳትገበይ ነው ቀድማ እኔ የተከራየሁበት ቤት የመጣችው። ቅጹን ስሰጥዎት መሳቢያው ውስጥ ከተቱት፤ ያ መሳቢያ ሲከፈት ይጮሃል።

መምህር አጥናፉ፦ ... አለ። እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ዘቢደር፦ ታዲያ እናቴ «አልፈቅድም» ብላ ነው የፈረመችው? «እንዲህ ያለ መምህር ይባረክ፣ ልጄን ከሰው እኩል አደረገልኝ» ብላ መርቃዎት ነው የሄደችው። እኔ አሁን ምን ብዬ ልንገራት?

መምህር አጥናፉ፦ ስሚኝ እንግዲህ! ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ መጥተሽ እንደ መርማሪ ፖሊስ በጥያቄ የምታፋጥጪኝ ... ይቅርታ። አነጋገር ነው። አስቤው አይደለም።

ዘቢደር፦ ግድ የለም፣ ለምጃለሁ። እዚህ ሰው ሲቆጣኝ ሁሉ ዓይኔ ነው ትዝ የሚለው። ይቀጥሉ፤ እንደ መርማሪ ፖሊስ ብለው ነበር።

መምህር አጥናፉ፦ አምና ሱራፌል ላይ የደረሰውን ሰምተሻል አይደል?

ዘቢደር፦ ያልሰማ አለ? ሞጆ ላይ ረስተውት የሄዱት ልጅ።

መምህር አጥናፉ፦ አልረሳሁትም! ስም ጠርቻለሁ። ምሳ በልተን ስንነሳ አንድ በአንድ ጠርቻለሁ። «ሱራፌል» ስል ከኋላ «አቤት» አለኝ። ምልክት አደረግሁና ሄድን። ዝዋይ ስንደርስ ልጁ የለም! አቤት ያለው ለካ ጓደኛው ነው። ሱራፌል ሽንት ቤት ነበር፤ ጓደኛው «አሁን ይመጣል፣ እንዳይቆጡት» ብሎ መለሰለትና እንቅልፉን ለጠጠ። ልጁ ሦስት ሰዓት ሙሉ የማያውቀው ከተማ መንገድ ዳር ቆሞ አለቀሰ። እናቱ ደውላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «በእጅህ ነበር የሰጠሁህ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ስልክ ሲጠራ እሷ እየመሰለችኝ ነው የማነሳው።

ዘቢደር፦ ያሳዝናል። ሱራፌል ግን ያያል አይደል?

መምህር አጥናፉ፦ ምን ለማለት ነው?

ዘቢደር፦ የጠፋብዎት ሁለት ደህና ዓይን ያለው ልጅ ነው። በእሱ ጥፋት እኔ ለምን እቀጣለሁ?

መምህር አጥናፉ፦ ቅጣት አይደለም! እሱ የጠፋብኝ ሰው አንቺን እንዴት እይዛለሁ? ሰባት ቀን ነው እኮ! ለእናንተ ሽርሽር ነው፤ ለእኔ የአርባ ሦስት እናት ስልክ ነው። ሀዋሳ የምናድረው በትምህርት ቤት ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለ። ከጀልባው ሥር አዞ አለ።

ዘቢደር፦ አዞው የሚያይ ሰው አይበላም?

መምህር አጥናፉ፦ አትቀልጂ!

ዘቢደር፦ የምቀልድ እመስላለሁ?

መምህር አጥናፉ፦ ኮንሶ ደግሞ አለልሽ። እርከኑ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እግርሽ አንዴ ቢስት ...

ዘቢደር፦ የእናቴ ቤት የት እንደሆነ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ገደል አፋፍ ላይ ነው። ምንጩ ከታች ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ውሃ ተሸክሜ ወጥቻለሁ፤ እንስራም አልሰበርኩ፣ እግሬንም አልሰበርኩ። ለመሆኑ ለየተማሪው የጥናት ርዕስ ሲያድሉ ለእኔ የሰጡኝ ምን ነበር?

መምህር አጥናፉ፦ ... የኮንሶ እርከን።

ዘቢደር፦ ሁለት ወር ሠራሁት። ማህደር ታነብልኛለች፣ እኔ በብሬል እጽፋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ እንዴት እንደሚካብ፣ ጎርፉ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ድንጋዩ ሲዳሰስ ምን እንደሚመስል ግን አንዱም መጽሐፍ ላይ የለም። እሱን ልዳስስ ነበር የምሄደው።

መምህር አጥናፉ፦ ማህደርስ? ሰባት ቀን ሙሉ አንቺን ስትመራ እሷ ምን ልታይ ነው? እሷስ አታሳዝንም?

ዘቢደር፦ ማህደርን ጠየቋት?

መምህር አጥናፉ፦ እሷማ እሺ ነው የምትለው። አንድ ቤት ነው የምትኖሩት፣ ጓደኛሽ ናት።

ዘቢደር፦ አልጠየቋትም። ለእሷም መለሱላት። ስፖርት ሲሆን «አንቺ ጥላ ሥር ተቀመጪ»፤ ላብራቶሪ ሲሆን «አንቺ ውጪ ጠብቂ» እባላለሁ። ደክሞኛል ቲቸር! አንድ ቀን እንኳ «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ለእኔ ያስብልኛል፤ አስቦ ሲጨርስ ራሴን ቤት ቁጭ ብዬ አገኘዋለሁ።

መምህር አጥናፉ፦ በቃ! አልከራከርም። እኔ የምፈልገው አንድም ልጅ እንዳይጠፋብኝ ብቻ ነው። ጠዋት ሰምተሻል፤ አርባ ሦስት ስም ጠራሁ፣ አርባ ሦስት «አቤት» አገኘሁ። ጥርት ያለ ነገር። ሰኞም እንዲሁ ይሁንልኝ ነው ጸሎቴ።

ዘቢደር፦ አርባ ሦስት አልነበሩም።

መምህር አጥናፉ፦ እንዴት አልነበሩም?

ዘቢደር፦ አርባ ሁለት ነበሩ። አቤኔዘር ደምሴ የለም።

መምህር አጥናፉ፦ አቤኔዘር አቤት ብሏል! ይኸው ምልክቱ፤ አሁን በእጄ ይዤዋለሁ።

ዘቢደር፦ አቤት ያለልዎት ሚልክያስ ነው። አንዴ ለራሱ በወፍራሙ፣ አንዴ ለአቤኔዘር በቀጭኑ። አጠገቡ የነበሩት ሲስቁ አልሰሙም? አቤኔዘር ጆሮ ደግፍ ይዞት ከረቡዕ ጀምሮ ቤቱ ተኝቷል።

መምህር አጥናፉ፦ ሊሆን አይችልም። ከመጀመሬ በፊት አስጠንቅቄያለሁ እኮ! «በሌላ ሰው ፈንታ አቤት ያለ ከጉዞው ይሰረዛል» ብዬ ጮኼአለሁ።

ዘቢደር፦ የአሥራ አንድ «ለ» አቴንዳንስ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይመልከቱት። እርስዎ ያያሉ።

መምህር አጥናፉ፦ አቤኔዘር ... አቤኔዘር ደምሴ ... ረቡዕ ቀሪ። ሐሙስ ቀሪ። ዛሬም ቀሪ። ኧረ የሰው ያለህ! ገና ከግቢ ሳልወጣ?

ዘቢደር፦ ስም ሲጠሩ ዓይንዎ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ቀና አይሉም።

መምህር አጥናፉ፦ አንቺ ግን እንዴት ... ይሄ እኮ ተአምር ነው!

ዘቢደር፦ ተአምር አይበሉኝ! ይሄን ነገር አልወደውም። ሰው ሲያናግረኝ ስሙን አይነግረኝም፤ በድምፁ ካልለየሁት ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እርስዎም ክፍል ውስጥ ዝም ብለው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ሌላው ሲገለብጥ እኔ ምን ልሥራ? ቁጭ ብዬ ሰው እሰማለሁ። ማን እንደሚያስል፣ ማን እንደሚያንሾካሹክ። «እየጻፉ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡልኝ» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩዎት?

መምህር አጥናፉ፦ ... ብዙ ጊዜ።

ዘቢደር፦ አሥር ጊዜ እንኳ ቢያነቡልኝ ኖሮ የሰውን ድምፅ የምለይበት ጊዜ አይተርፈኝም ነበር።

መምህር አጥናፉ፦ ቆይ፣ ቆይ። ግቢ፣ ቁጭ በይ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ትሄጃለሽ! በየቆምንበት እኔ ስም እጠራለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ድምፃቸውን ትለዪልኛለሽ። ለርዕሰ መምህሩም «ለቁጥጥር ታስፈልገኛለች» ብዬ አስረዳለሁ። እንዲያውም ደስ ነው የሚላቸው። ምን ትያለሽ?

ዘቢደር፦ አሁን ጠቀምኩ ማለት ነው?

መምህር አጥናፉ፦ ምን አጠፋሁ ደግሞ?

ዘቢደር፦ ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ ጆሮዬ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮስ? እቀር ነበራ! ሚልክያስ ምን ሊጠቅምዎት ነው የሚሄደው? ሌሎቹስ? አንዱን እንኳ «ምን ትሠራልኛለህ?» ብለውታል? የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለሆኑ ይሄዳሉ፤ አለቀ። እኔ ስሆን ግን እንደ ዕቃ፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር ልጫን?

መምህር አጥናፉ፦ እንደሱ ማለቴ አይደለም ...

ዘቢደር፦ የቀረ ሰው ካለ ሳይጠይቁኝም እናገራለሁ፤ ጓደኞቼ ናቸው፣ መንገድ ላይ እንዲቀሩ አልፈልግም። የምሄደው ግን ስለዚያ አይደለም። ለመሆኑ ሚልክያስን ምን ሊያደርጉት ነው?

መምህር አጥናፉ፦ እሰርዘዋለኋ! አሁኑኑ! ሺህ ተማሪ ፊት የተናገርኩት ነው። በሌላ ሰው ፈንታ የመለሰ አይሄድም።

ዘቢደር፦ ጥሩ። በእኔ ፈንታ «አልፈልግም» ብሎ የመለሰውስ? ሚልክያስ ጓደኛው እንዳይቀርበት ብሎ መለሰለት። እርስዎ እኔ እንድቀር ብለው መለሱልኝ። ከሁለታችሁ ማን ይሰረዝ?

መምህር አጥናፉ፦ ... እስክሪብቶዬን የት ጣልኩት? ይኸው። ቆይ ... ይኸው፣ ጻፍኩሽ።

ዘቢደር፦ ያንብቡልኝ።

መምህር አጥናፉ፦ አታምኚኝም?

ዘቢደር፦ ዛሬ አላምንዎትም ቲቸር።

መምህር አጥናፉ፦ አይፈረድብሽም። «ተራ ቁጥር አርባ አራት። ዘቢደር ሙሉነህ። ክፍል አሥራ አንድ ለ። የወላጅ ፈቃድ፣ አለ።»

ዘቢደር፦ የመጨረሻው ዓምድ ላይስ? «ማስታወሻ» የሚል አለ አይደል?

መምህር አጥናፉ፦ ... «ለቁጥጥር ሥራ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሰረዝኩት። ባዶ ነው፤ እንደ ሁሉም ሰው ባዶ።

ዘቢደር፦ እሺ።

መምህር አጥናፉ፦ ሚልክያስንና አቤኔዘርን ካስፈረምኩ በኋላ ጠርቼ አናግራቸዋለሁ፤ ማንንም ሳልጠይቅ አልሰርዝም። በይ አሁን ቀና ብዬ፣ አንቺን እያየሁ ልጥራሽ። ዘቢደር ሙሉነህ! ... ምነው? ጠራሁሽ እኮ። አቤት አትይም?

ዘቢደር፦ እዚህ አልልም። ያስቀሩኝ በሰልፍ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ ነው። ከሰዓት ባንዲራ ሲወርድ እዚያው ይጥሩኝ፤ ራሴ እመልስልዎታለሁ።