ላፕቶፑ ውስጥ የቀረው መንዙማ

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሐይቅ ከተማ ኮምፒውተር ወደምጠግንባት ሱቄ፣ ዘይነባ የምትባል የውጫሌ ሴት የሟች ወንድሟን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ዊንዶውሱ አልነሳ ብሏል። "በድምፁ የቀዳው መንዙማ እዚህ ውስጥ ነው፤ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳታጠፋብኝ" አለችኝ።

ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ማሽኑን የሚያስነሳ ሥርዓት በፍላሽ ልጭንበት ብሞክር ማሽኑ እንቢ አለ። ሴኪውር ቡት የሚሉትን የመነሻ ጥበቃውን ሳጠፋው ተቀበለኝ። ፋይሎቹን ሳልነካ ዲስኩ ላይ በተረፈው ባዶ ቦታ ጫንኩት። ሲነሳ የወንድሟን ፎልደር ከፍቼ መንዙማውን አስጀመርኩት። ድምፁ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከሐይቁ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ሱቄ ውስጥ ያለሁ አልመሰለኝም። "ያ አላህ! እሱ ነው!" አለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይኗን ጨፍና አዝማቹን ትቀበለው ጀመር። እኔም ክርስቲያኑ፣ ቃሉን ባላውቀውም በጭብጨባ አጀብኳቸው።