የዳማው ሰኮና

ጥምቀት ተቃርቦ አገር ሁሉ ልብሱን ሲያጥብ፣ ፈረሱን ሲቀልብ፣ አያ ወልደኢየሱስ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው ዳማ ፈረሳቸውን ከኋላ እየሳቡ ወደ ጎንደር ተነሡ። መነሣት ከተባለ ነው! ሰፈራቸው ከጠዳ በታች ነው፤ ከዚያ እስከ ዋናው መንገድ ያለችውን ትንሽ ዳገት ፈረሱ አንድ ሲራመድ ሁለት ሲቆም ረፋዱ አለቀባቸው። ባለፈው ጥምቀት ቀሐ ሜዳ ላይ ጉግስ ሲጫወት ሴቱ ሁሉ እልል ያለለት ፈረስ ነው፣ ልብ በሉልኝ።

መንገዱ ዳር አንዲት የጭነት ማኪና ጎማዋ ፈንድቶ ቆማለች። ተሳፋሪው ጥላ ጥላውን ይዟል። ከመካከላቸው አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት ፈረሱን ሲያይ ብድግ አለና እጅ ነሣ።

«እንደምን አረፈዱ አባቴ? አላምረው እባላለሁ፤ የቀሐው የመሪጌታ ፋንታሁን ልጅ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ፈረስ መንገድ የሚሄድ ፈረስ አይደለም። ወዴት ይወስዱታል?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ጎንደር አንድ አዋቂ አለ አሉኝ፤ ደሙን ያፈስለታል፣ ሰኮናውን በጋለ ብረት ይተኩስለታል። የበላችውን ግን እኔው ራሴ እሑድ አስተፋታለሁ!»

«ማንን ነው የሚያስተፏት?»

«ሸዋአየሁን ነዋ! ጎረቤቴን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇን አበቡን ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ከመስቀል በፊት በአያ ወልደኢየሱስ ጋጣ ደጅ ስታልፍ «አቤት ማማር! እንዴት ያለ ሸጋ ፈረስ ነው!» አለች፤ «እግዜር ይጠብቀው» ማለቱን ረሳችው። ከዚያ ወዲህ ፈረሱ ያነክስ ጀመር። ሰኮናው ላይም ቀለበት የመሰለ መስመር ብቅ አለ። ሰውየው «ይኸው ዓይኗ የዞረበት ምልክት!» ብለው ደመደሙ። በዚያ አገር ቡዳ ነው የተባለን ሰው ጎትተው አምጥተው በበላው ላይ «እንትፍ» ያሰኙታል። የታመመው ይድናል ይባላል፤ የተፋው ግን ዕድሜ ልኩን ቡዳ ሆኖ ይቀራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱም ሽማግሌውም በአያ ወልደኢየሱስ ግቢ እንዲገኙ ተነግሯቸዋል። አበቡ ደግሞ ሠርጓ ከጥምቀት ማግስት ነው። የቡዳ ልጅ ብሎ ማን ያገባታል?

አላምረው ይህን ሲሰማ ክው አለ።

«አባቴ፣ በፈረስ እግር ምክንያት የአንዲት ልጅ ኑሮ ሊፈርስ ነው! እባክዎ፣ ሰኮናውን አንድ ጊዜ ልየው። የተማርኩት የከብት ሕክምና ነው።»

«ምነው ልጄ!» አሉ አያ ወልደኢየሱስ እየሣቁ። «የመሪጌታ ልጅ ዳዊቱን ትቶ የፈረስ እግር ይማር ጀመር? እኔ ፈረስ ላይ ስወጣ አባትህም ገና እናቱ ጀርባ ላይ ነበር!»

«ልክ ነዎት፤ ከኮርቻው በላይ ያለውን ከእርስዎ እማራለሁ። ከጉልበቱ በታች ያለውን ግን አብረን እንየው። ቀለበቱ የቡዳ ምልክት ከሆነ በቅሎዎም ተበልታለች ማለት ነው።»

«ምን ትላለህ አንተ!» ብለው ዘለው ወረዱ። ጎንበስ ብለው የበቅሏቸውን ሰኮና አዩ። አቤት! ቀለበት፣ በቀለበት ላይ ቀለበት! ስንት ዓመት የተቀመጡባት በቅሎ፣ እግሯን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለው አይተውት አያውቁም።

«በስመ አብ! በቅሎዬንም ጨረሰቻት!»

«ኧረ ይረጋጉ! በቅሎዎ ጤነኛ ናት። ሰኮና እንደ ጥፍራችን ነው፤ ጸጉሩ ከሚያልቅበት ጀምሮ ወደ ታች ያድጋል። ከብቱ ከደረቅ ጭድ ወደ ለምለም ሣር ሲዞር እድገቱ ይለወጥና መስመር ይተዋል። ይመልከቱ፤ ከፊትም ከተረከዝም መስመሮቹ እኩል ተራርቀዋል። ስንጥቅ የለም። እስቲ በእጅዎ ይንኩት።»

ነኩት። ቀዝቃዛና ልሙጥ ነው።

«አሁን የዳማውን ይንኩ።»

አያ ወልደኢየሱስ እጃቸውን ሰደዱና እሳት እንደነካው ሰው መልሰው ሳቡት። «ይፋጃል! ልጄ፣ ይፋጃል እኮ!»

«ቀለበቱንም ይዩት። ከፊት ተጠጋግቶ ተረከዙ ጋ ሲደርስ ይሰፋል፤ የታመመ ሰኮና ምልክቱ ይህ ነው። ለመሆኑ ምን ያበሉታል?»

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፉ። እዚህ ላይ ማንም አይስተካከላቸውማ! «ከመስቀል ወዲህ ደጅ ወጥቶ አያውቅም። ጠዋት ገብስ፣ ማታ ገብስ! ልጆቼ ቆሎ ሲያምራቸው ለዳማው ነው እላለሁ። ፋንድያውንም አላስጠርግም፤ እርጥቡ ፋንድያ ሰኮናውን ያለሰልስለታል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርግ። አየኸው አቋቋሙን? የፊት እግሩን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ፣ አንዱን ሲያነሣ አንዱን ሲያሳርፍ! ይህ እኮ ኩራቱ ነው፤ ጉግሱ ናፍቆት ነው።»

አላምረው ወደ ፈረሱ እግር ጎንበስ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ኩራት አይደለም» አለ። «ገብሱ በዝቶበት ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ቆስሏል። የፊት እግሩን የዘረጋው ክብደቱን ሊያሸሽ ነው። የሚያነሣና የሚጥለውም ስለሚያመው ነው። ከመስቀል ጀምሮ እያለቀሰ ነበር።»

አያ ወልደኢየሱስ የጋጣውን በር ከፍተው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ «ኑ ኩራቱን እዩልኝ!» ያሉበት ቀን ሁሉ ፊታቸው ድቅን አለባቸው።

ወጣቱ የፈረሱን እግር በቀስታ አነሣና ከቦርሳው ትንሽ መፋቂያ አውጥቶ የሰኮናውን ሥር ይፍቅ ጀመር። ጥቁር፣ እንደ ዝፍት የሚያጣብቅ ነገር ዝርግፍ አለ። ሽታው! ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ሸሸ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ጎማውን ጥሎ ዞር አለ። ከሰኮናው ሥር መካከል ያለው ልስልስ ክፍል እንደ ተረከዝ ቆዳ ጠንከር ብሎ ሽታ የሌለው መሆን ሲገባው፣ በስብሶ ተበልቷል።

«ወይኔ! ወይኔ ወልደኢየሱስ!» ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። «በቁሙ በስብሷል እኮ! ይህም ዓይኗ ነው በለኝ! ልጄ፣ ዓይኗ ነው በለኝ!»

«ልል አልችልም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጋጣዎ ገብታ ገብስ አልሰፈረችም። እርጥቡን ፋንድያ ሥሩ አልከመረችም።»

እኔ እንኳ ስተርከው ያሳፍረኛል። ሰው ከጠላ ጥፋቱን ሩቅ አይፈልግም፤ የጎረቤቱ ደጅ ይበቃዋል። ፈረሱ ግን አንገቱን አውርዶ የአያ ወልደኢየሱስን ትከሻ ያሸት ጀመር። ይህን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣ።

«ይድናል?» አሉ በመጨረሻ።

«ከታዘዙልኝ ሊድን ይችላል። ዘንድሮ ግን ቀሐ አይወርድም። ደም ማፍሰሱም መተኮሱም ሥቃይ ይጨምርበታል እንጂ አይጠቅመውም። ገብሱን ያቁሙ፤ ድርቆሽና ጭድ ይስጡት። ጋጣውን ጠርገው ደረቅ ጭድ ያንጥፉለት። ሰኮናውን ጠዋት ጠዋት ያንሡ፣ ይጥረጉ፣ ያሽትቱ፣ በእጅዎ ይንኩ፤ ሙቀቱን ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ያብርዱለት። እኔም እየመጣሁ አየዋለሁ፣ የረዘመውንም ጥቂት ጥቂት እቆርጥለታለሁ። አሁን ቀስ ብለው በለስላሳው ማሳ ይመልሱት።»

አያ ወልደኢየሱስ ተመለሱ። ጋጣውን ራሳቸው ጠረጉ። ሚስታቸው እናኑ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አይታ፣ «ምነው፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» ብትላቸው፣ «የኔን ጉድ ሌላ አይጠርገውም» አሏት።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ጢም አለ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባ፣ አበቡን አጠገቧ ይዛ ቆማለች። የሙሽራው አባት ደግሞ ነገሩ እስኪለይለት በሩ ላይ ቀርተዋል። ሁሉም «እንትፍ» እስክትል ይጠብቃል።

አያ ወልደኢየሱስ ዳማውን ቀስ አድርገው ከጋጣ አወጡ። የፊት እግሩን አንሥተው ለቄሱም ለሽማግሌውም ሥሩን አሳዩ፤ የቀረውን ሽታም አስሸተቷቸው።

«የጠራኋችሁ ፈረሴን የበላው ሰው ይትፋ ብዬ ነው» አሉ። «በገብስ አቃጠለው፤ በፋንድያ አበሰበሰው፤ ሲሠቃይ ኩራት ነው ብሎ ሣቀ። ያ ሰው እኔ ነኝ!»

ጎንበስ አሉና በሰኮናው ላይ «እንትፍ!» አሉ።

ቀጥለውም ሄደው የወይዘሮ ሸዋአየሁ እግር ላይ ወደቁ። እሷም አነሣቻቸውና፣ «ይነሡ አያ። እኔ እኮ ፈረሱ ቢያምረኝ ነው ያልኩ» አለች። የሙሽራው አባት ከበሩ ገቡና አጠገቧ ቆሙ።

አበቡ ከጥምቀት ማግስት ተዳረች። ዳማው በዚያ ዓመት ቀሐ አልወረደም፤ በዓመቱም ጉግስ አልተጫወተም፤ በሰላም መራመዱ ግን ተመለሰለት። በዚያ ሰፈር ዛሬ ሰው የፈረሱን እግር እንደ ልጁ ፊት ጠዋት ጠዋት ያያል። ፈረስ ሲያነክስ የጎረቤት ስም የሚያነሣ የለም፤ በደረቅ ጋጣ ያደረ ከብትም እርሻና ገበያ አያስተጓጉልም። እንግዳ መጥቶ ፈረስ ያመሰገነ እንደሆነ አያ ወልደኢየሱስ ቀድመው፣ «መጀመሪያ ሰኮናውን አንሣና እይ!» ይሉታል።