የጉንፋን ሰባት ቤት

አያ ፈንቴ ከደብረ ታቦር ገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባጃጅ መንገድ ላይ ቆመና ነጭ ጋዋን በክንዷ የያዘች ወጣት ከጎናቸው ተቀመጠች። ወዲያው አነጠሳቸው።

«ይማርዎ አያ።»

«ያኑርሽ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የሙላቴ ልጅ ፍሬሕይወት ነኝ። ጤና ጣቢያ፣ ላቦራቶሪ ነው የምሠራ።»

አያ ፈንቴ አያት ቅድመ አያቷን ጠርተው በአምስተኛው ቤት እንደሚዛመዱ ነገሯት። በዚያ አገር እሳቸው ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ልጁን የሚድር የለም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ ይኮሩበታልም።

«ጉንፋን ይዞዎታል ልበል?»

«ኧረ ምች ነው! ከእብናት ሰርግ ስመለስ ፀሐይ መታኝ፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ጉንፋንስ የመንደሩ ነው። ያመጣችውም የእህቴ ልጅ የምስራች ናት፤ ከዓረብ አገር እያሳለች ነው የገባች።»

ይህን ቃል ትናንት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተናግረውታል፤ ባንድ ቀን አገር አዳርሷል። የምስራች ስድስት ዓመት በሰው ቤት ተንገላታ በላከችው ገንዘብ ያስከፈተችው ዳቦ ቤት ሰው የማይረግጠው ሆነ። አይ አያ ፈንቴ! ለሰባት ቤት ቆጠራ ምስክር ሲያስቆሙ የኖሩ ሰው፣ ለእህታቸው ልጅ ግን አንድ ምስክር እንኳ አልጠሩላትም።

ፍሬሕይወት ወሬውን ሰምታለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ፣ እንግዲያው ከአፍንጫዎ ናሙና ልውሰድና የዘር ምርመራ እናሠራ» አለች።

«የምን ዘር?» ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ ራሳቸው ከባጃጁ ጣራ ጋር ተጋጨ። «በዚህ በከፋ ዘመን ደግሞ ዘሬን ልትመዘግቢ? የእኔን ዘር የምቆጥር እኔው ነኝ!»

«የእርስዎን ማን ነክቶ! የጉንፋኑን ነው እንጂ።»

«ጉንፋን ደግሞ ዘር አለው?»

«አለው እንጂ። በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው፤ ቫይረስ ይባላል። ሲራባ በውስጡ ያለውን ጽሕፈት ይገለብጣል፣ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ ይስታል።»

አያ ፈንቴ ወደ እሷ ዞሩ። «የኛ ደብተራም ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ከሳተ፣ ከእሱ የሚገለብጡ ሁሉ ያችኑ ይስታሉ። ስሕተቱን ያየ ሰው የማን ግልባጭ እንደሆነ ያውቃል።»

«አያ፣ ጨረሱት እኮ! እኛም ስሕተቱን እያነበብን ይህ ከዚያ ይወለዳል፣ እነዚያ ሩቅ ናቸው እንላለን።»

«ከሰባት ቤት ያልፋል?»

«እጅግ ያልፋል።»

ይህች መልስ ሽማግሌውን ቆነጠጠቻቸው። «በይ ውሰጂ» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፤ «የመንደሩ ጉንፋን የየምስራች ዘር መሆኑን በጽሑፍ ታመጪልኛለሽ።» የምስራች በገባች ማግሥት ናሙና ሰጥታ ነበር፤ ውጤቱም ለአጎቷ እንዲነገር ፈቅዳለች።

ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ፍሬሕይወት ራሷ ወደ ቤታቸው ሄደች።

«አያ፣ የየምስራች ጉንፋን የሌላ ቤት ነው። ከመንደሩ ጋር በቅርብ አይገናኝም።»

«የመንደሩስ?»

«ከመንደሩ ናሙና የሰጡት የአሥራ አንድ ሰዎች ጉንፋን የአንድ ቤት ነው። ያው ቤት እብናትም ተገኝቷል።»

«የእኔ ምችስ?» አሉ በቀስታ።

«ምች አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ከመንደሩ ጋር አንድ ቤት። ዘሩ ብቻውን ማን ለማን እንደሰጠ አይፈርድም። ቀኑን ግን እርስዎ ያውቁታል። የእርስዎን ውጤት እኔ ለማንም አልናገርም።»

ያውቁታል። ከየምስራች ሌላ በመንደሩ መጀመሪያ የታመሙት እሳቸው ነበሩ፤ ከእብናት እንደገቡ ለቅሶ ቤት ሄደው ሰውን ሁሉ እየሳሙ ተቀምጠዋል። አፈሩ። ያን ሌሊት ምን እንዳሰቡ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ገና ሳይበተን፣ አያ ፈንቴ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው በየምስራች እግር ሥር ተንበረከኩ። ሽማግሌ ለልጅ! ሴቶቹ «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። የምስራች እያለቀሰች ድንጋዩን ከጫንቃቸው አነሣች። «ይነሡ አጎቴ፤ ይቅር ብያለሁ፣ ይነሡ!»

ተነሥተው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሳሉን ከእብናት ይዤ የገባሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እሷ የለችበትም። ከእንግዲህ ያሳለው ሰው፣ ምችም በለው ምን፣ ከለቅሶም ከሰርግም ይቅር፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን፣ እጁን ይታጠብ። ናሙና ስጡ ሲሏችሁም አትከልክሉ። ከጤና ጣቢያ እንደሰማሁት ጉንፋን በየዓመቱ መልኩን ይለውጣል፤ ክትባቱ የሚታደሰውም ዘሩ ሲታወቅ ነው። የእኛ አገር ሳል ካልተቆጠረ ማን ያስብልናል?»

ከዚያ ፍሬሕይወትን ከሴቶቹ መካከል ጠርተው ከጎናቸው አቆሟት፤ ደረታቸው በኩራት ተነፍቶ ነበር።

«እዩዋት! እኔ ዕድሜ ልኬን ዘር ስቆጥር ኖሬ የገዛ ዘሬን በሐሰት ከሰስሁ። ይህች የእኛው ልጅ ግን የጉንፋን ዘር ቆጥራ ዘመዴን መለሰችልኝ።»