እናት ያለው ትል

ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ጎልማሳ ገበሬ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ደጋግመው አዩዋት።

«በማጉያ መነጽር ትል ልታዪ ማሳችን ትመጪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ነኝ ጋሼ። ምርምሩን ትቼ አሁን የልጆች መጽሐፍ ነው የምጽፈው።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ጀርባው ላይ ፎቶሽ አለ። ልጄ ሰዓዳ የትሉን ታሪክ አንብባ የኬሚካል መርጫዬን ደበቀችብኝ። ይኸው ትሉ ማሾዬን እየበላው፣ እኔ ወንድሜ ዘንድ መርጫ ልዋስ እሄዳለሁ።»

«ለምን ደበቀችው?»

«እናቱ ቤት ትጠብቀዋለች ብለሽ ጽፈሽ የለ እንዴ?»

ሴትየዋ ሳቀች።

«ያኔ ርጩ ርጩ እያልሽ መውጫ መግቢያ ያሳጣሽን አንቺው ነበርሽ። ምን ነካሽ?»

«በመነጽር ሲያዩት ፊት አለው፣ ጋሼ። ሲበላ ደስ እንዳለው ያስታውቃል። ይህን ደግሞ ሪፖርት ላይ መጻፍ አይቻልም።»

«ለዚህ ብለሽ እንጀራሽን ተውሽ?»

«ተውኩ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ማሾ አልዘራሽም።»

«ትሉ አበባው ላይ ወጥቷል?»

«ወጥቷል። እንግዲህ አንቺው ንገሪኝ፣ ልርጭ ወይስ ልተው?»

«ዛሬውኑ ፀሐይ በረድ ሲል ይርጩ። ካደረ አበባውን ይጨርሰዋል።»

«ለሰዓዳስ ምን ልበላት?»



«ርጩ ያለችው ጸሐፊዋ ናት ይበሏት።»

«ወላሂ፣ ከእንግዲህ መጽሐፍሽን አትነካም።»

«አውቃለሁ።»

ጉልበቴ ላይ የምትሄደውን ጉንዳን ላራግፍ ያነሳሁትን እጄን መልሼ አወረድኩት።